ነባር የድርጅት ሶፍትዌሮችን ወደ ክላውድ ስለ ማዛወር ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማና በአካባቢዋ ያሉ ብዙ ቡና ላኪዎች፣ ሆቴሎች፣ ጅምላ አከፋፋዮችና የግል ክሊኒኮች የሒሳብ፣ የመጋዘንና የደንበኛ መዝገባቸውን የሚያንቀሳቅሱት በቢሮው አንድ ጥግ በተቀመጠ ሰርቨር (መረጃውን ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች በሚያቀርብ ዋና ኮምፒውተር) ነው። ሰርቨሩ ሲያረጅ ወይም የመብራት መቆራረጥ ሲያሰለች «ወደ ክላውድ እናዛውረው» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ከዚህ በታች የቀረቡት ከድርጅቶች ጋር ይህን ሥራ ስንሠራ ደጋግመው የቀረቡልን ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በውሳኔው ላይ ለሚፈርሙ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፣ እንዲሁም ሥራውን በእጃቸው ለሚያከናውኑ የአይቲ ባለሙያዎች ነው።

ክላውድ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ሌላ ድርጅት ባቋቋመው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ያለን ሰርቨር፣ ማከማቻና ኔትወርክ በኢንተርኔት በኩል ተከራይቶ በተጠቀሙበት ልክ እየከፈሉ መሥራት ማለት ነው። አሠራሩ በገበያ ላይ የተስፋፋው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የማከማቻና የሰርቨር ኪራይ አገልግሎቱን ከከፈተ ወዲህ ነው። ሶፍትዌርዎ ያው የሚያውቁት ሶፍትዌር ነው፤ የሚለወጠው የሚያድርበት ቤትና የኪራዩ አከፋፈል ነው።

የእኛ ድርጅት በእርግጥ መዛወር ያስፈልገዋል?

አንድ ቢሮ ብቻ ካለዎት፣ ተጠቃሚዎቹ አምስት ወይም ስድስት ከሆኑና ሰርቨሩም በደህና እየሠራ ከሆነ፣ ሁሉንም ነገር ማዛወር አስፈላጊ ነው ብለን አናምንም። ለእንዲህ ያለ ድርጅት ባክአፑን (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) ብቻ ወደ ክላውድ መላክ ከፍተኛውን ጥቅም በዝቅተኛው ወጪ ያስገኛል። ዋናው ቢሮ ጅማ ሆኖ መጋዘን አጋሮ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሊሙ፣ የኤክስፖርት ጉዳይ የሚያስፈጽም ቢሮ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ድርጅት ግን በየቦታው የተለያየ የኤክሴል ፋይል እየያዘ መቀጠሉ በየዕለቱ ያከስረዋል፤ ለእርሱ መዝገቡ ሁሉም በሚደርስበት አንድ ቦታ መቀመጡ ትልቅ እፎይታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ጭምር ስለሚጠይቅ፣ ከገበሬው ማሳ እስከ ኮንቴይነሩ የሚደርስ አንድ ወጥ መዝገብ ለላኪዎች የግድ እየሆነ መጥቷል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የመጋዘን ሒሳቡ ዛሬ ቢሮ ውስጥ የማይገጥም ከሆነ ክላውድ ላይም አይገጥምም። የተዘበራረቀ መዝገብ ቤት ስለ ቀየረ አይስተካከልም፤ የማስተካከሉ ሥራ ከመዛወሩ በፊት መሠራት አለበት።

ከየት እንጀምር?

ያለዎትን በመቁጠር ይጀምሩ። የትኛው ክላውድ ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ያቆዩትና፣ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠራ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ማን እንደሚጠቀምበት፣ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደ ተጫነ፣ መረጃውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ የባለቤትነት ፈቃዱ ምን እንደሚል፣ ከየትኛው ሌላ ሶፍትዌር ጋር መረጃ እንደሚለዋወጥና ለአንድ ቀን ቢቆም ምን ጉዳት እንደሚያስከትል በጽሑፍ ያስፍሩ። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ክፍል ነው፤ ስንቸኩል ዋጋ ያስከፈለንም እርሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ቡና ነጋዴ ድርጅት የመጋዘን ሶፍትዌር ስናዛውር ዝርዝሩን የሠራነው የአይቲ ባለሙያውን ብቻ ጠይቀን ነበር። ዝውውሩ በሰላም ተጠናቀቀ፤ በሦስተኛው ቀን ግን የመጋዘን ኃላፊዋ የሚዛን ደረሰኞች መግባት ማቆማቸውን ነገሩን። ስንመረምር በሚዛኑ አጠገብ ያለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በየማታው ፋይል እየቀዳ ወደ ሰርቨሩ የጋራ ማኅደር ይልክ እንደ ነበር ተረዳን። ያንን የሠራው ሰው ከድርጅቱ ከወጣ ቆይቷል፤ በየትኛውም ሰነድ ላይም አልተጻፈም። የሦስት ቀን ደረሰኝ በእጅ ማስገባት ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን የምንሠራው ከመጋዘን ኃላፊው፣ ከገንዘብ ያዡና ከእንግዳ ተቀባዩ ጋር እየተቀመጥን ነው፤ በሰርቨሩ ኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን ግንኙነትም ቢያንስ ለአንድ ወር፣ የወር መዝጊያ ሥራ እስኪያልፍ ድረስ፣ እንመዘግባለን።

ሁሉም ሶፍትዌር በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚዛወረው?

አይደለም። አንዱን ሶፍትዌር እንዳለ አንሥቶ ክላውድ ላይ ባለ ሰርቨር መጫን ይቻላል። ሌላውን በጥቂቱ ማስተካከል፣ ለምሳሌ ዳታቤዙን (መረጃው ተደራጅቶ የሚቀመጥበትን ክፍል) አቅራቢው ወደሚያስተዳድረው አገልግሎት ማዞር ይበቃል። አንዳንዱን ጥሎ በወርኃዊ ክፍያ የሚገኝ ዝግጁ አገልግሎት መከራየት ያዋጣል፤ ለኢሜይል ብቻ የራስን ሰርቨር ማስተዳደር ዛሬ ብዙም ትርጉም የለውም። እንደ አዲስ መጻፍ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ባለበት መተው የሚገባው ግን ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ማንም የማይከፍተው ሶፍትዌር ከተገኘ ደግሞ መረጃውን አስቀርቶ መዝጋት ይሻላል።

እንዳለ ማንሣት ፈጣን ቢሆንም አንድ አደጋ አለው። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ከሆነ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ክፍተቶችን የሚደፍነው ማሻሻያ) እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2023 አብቅቷል። ቢሮ ውስጥ ተዘግቶ የነበረን እንዲህ ያለ ሰርቨር ወደ ክላውድ ወስዶ ለኢንተርኔት ማጋለጥ ከመዛወሩ በፊት ያልነበረ አደጋ መፍጠር ነው።

ፒችትሪን ወደ ክላውድ ማዛወር ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ያልቀረበበት ድርጅት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለብቻው እንመልሰዋለን። ፒችትሪ፣ በኋላ ስሙ ሴጅ 50 የተባለው፣ በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ ፋይል በመጋራት እንዲሠራ የተሠራ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። መረጃው ያለበትን ማኅደር ክላውድ ላይ አስቀምጦ ፕሮግራሙን ከጅማ መክፈት እጅግ ያዘገየዋል፤ ግንኙነቱ በመሐል ሲቋረጥም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ማኅደሩን ፋይል በሚያመሳስል አገልግሎት ውስጥ አድርጎ ሁለት ሒሳብ ሠራተኞች በየፊናቸው መክፈት ከዚህም የከፋ ነው፤ የአንዱ ሥራ የሌላውን ይደመስሳል።

የሚያዋጣው መንገድ ፕሮግራሙንም መረጃውንም አንድ ላይ ክላውድ ላይ ባለ የዊንዶውስ ሰርቨር ጭኖ፣ ሠራተኞቹ በርቀት ስክሪን እንዲጠቀሙበት ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ በመስመሩ ላይ የሚጓዘው የስክሪኑ ምስልና የቁልፍ ምቱ ብቻ ነው። ለርቀት ተጠቃሚዎች የሚከፈለውን የዊንዶውስ ፈቃድ ግን በበጀቱ ውስጥ ማካተት አይርሱ።

ኢንተርኔት ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ ሥራችን ይቆማል ማለት ነው?

ካልተዘጋጁበት አዎን፣ ይቆማል። የዚህን ጥያቄ ክብደት አቅልሎ የሚያቀርብልዎትን ሻጭ አይመኑ።

መዘግየቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ብዙዎቹ አሮጌ ሶፍትዌሮች አንድ ገጽ ለመክፈት ዳታቤዙን በመቶዎች የሚቆጠር ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ ከጎንዎ ክፍል ሆኖ የአንዱ ጥያቄ ምልልስ 1 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ፣ 200 ጥያቄ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ያው ምልልስ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር 150 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ግን ያው ገጽ 30 ሰከንድ ያስጠብቃል። የመስመሩን አቅም በእጥፍ ቢገዙም ይህ አይሻሻልም፤ ያዘገየው ርቀቱ እንጂ የመስመሩ ጥበት አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሙና ዳታቤዙ ተለያይተው፣ አንዱ ጅማ ሌላው ክላውድ ላይ፣ መቀመጥ የለባቸውም፤ አብረው ይሄዳሉ ወይም አብረው ይቀራሉ።

ለመቋረጥ ደግሞ የመጀመሪያው መፍትሔ ከሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች መስመር መያዝ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ሲቋረጥ በሌላው ኩባንያ የሞባይል ኢንተርኔት የሚቀጥል ራውተር መትከል ሲግናሉ በሚደርስባቸው ቦታዎች ይቻላል። ራውተሩና የኔትወርክ ማከፋፈያው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ መብራት ሲጠፋ ክላውዱ ላይ ያለው ሰርቨር ሥራውን ቢቀጥልም ቢሮው ራውተር ከሌለው ሊደርስበት አይችልም። ይሁን እንጂ በ2012 ክረምት እንደ ታየው ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሳምንታት ሲቋረጥ ሁለት መስመር አያድንም። በመሆኑም የገንዘብ መቀበያ፣ የሚዛንና የእንግዳ መመዝገቢያ ሥራዎች መስመር በሌለበትም እንዲቀጥሉ፣ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ መዝግቦ መስመሩ ሲመለስ የሚልክ ሶፍትዌር ወይም ቢያንስ ተራ ቁጥር ያለው የወረቀት ቅጽ መዘጋጀት አለበት።

የአገር ውስጥ ክላውድ ይሻላል ወይስ የውጭ?

እንደ መረጃው ዓይነት ይለያያል። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የተባለውን አገልግሎት የሚሰጥ ሲሆን፣ በአይሲቲ ፓርክም የግል የመረጃ ማዕከሎች ተከፍተዋል። ከውጭዎቹ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጎግል በ2024 በደቡብ አፍሪካ የክላውድ ማዕከሎቻቸውን ከፍተዋል። የውጭዎቹ በአገልግሎት ዓይነት እጅግ ይበልጣሉ፤ የአገር ውስጡ በቅርበቱና በብር በመከፈሉ ይመረጣል።

የሕጉ ጉዳይ ደግሞ ከዋጋው መቅደም አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ለሚሰበስብና ለሚያከማች ሁሉ ግዴታ ይጥላል፤ መረጃን ከአገር ማውጣትንም በሁኔታዎች ይገድባል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የክሊኒክ ካርድ፣ የገበሬው ስምና የማሳው መገኛ፣ የሆቴል እንግዳ መታወቂያ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሁሉም የግል መረጃዎች ናቸው። ስለዚህ ውል ከመፈረምዎ በፊት የትኛው መረጃ የት እንደሚቀመጥ ለይተው ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ። የፋይናንስ ተቋማት በተጨማሪ የብሔራዊ ባንክን መመሪያዎች መመልከት ይኖርባቸዋል።

ወጪያችን ይቀንሳል?

በመጀመሪያው ዓመት ላይቀንስ ይችላል፤ የዝውውሩ ወጪና የሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን መሄድ ይደራረባሉ። በትክክል ለማነጻጸር የአሮጌውን ሰርቨር ሙሉ ወጪ፣ የዩፒኤስ ባትሪውን፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅና ሰርቨሩ በቆመበት ቀን የጠፋውን ሥራ ጭምር ማስላት ያስፈልጋል።

በዶላር የሚከፈል ክላውድ ሲሆን የምንዛሪው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ምንም ያልጨመረ ሒሳብ በብር እጥፍ ሊሆን የቀረበው እንዲህ ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚያገኝ ላኪ ይህን ሊሸከም ይችላል፤ ገቢው በብር ብቻ የሆነ አከፋፋይ ግን አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል። ክፍያው በባንክ ፈቃድ መዘግየት ምክንያት ቢያልፍበት አቅራቢው አገልግሎቱን ሊያቋርጥ እንደሚችልም መታወስ አለበት።

ብክነትን መቀነስ ግን በእጅዎ ነው። ለሙከራ የተከራዩት ሰርቨር በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ዐሥር ሰዓት ብቻ ቢበራ ከሳምንቱ 168 ሰዓት የሚሠራው 60ውን ነው፤ የቀረውን ጊዜ አጥፍቶ የሰርቨሩን ኪራይ ከግማሽ በታች ማድረስ ይቻላል። የማከማቻው ክፍያ ግን ሰርቨሩ ቢጠፋም እንደሚቀጥል ልብ ይበሉ።

የአማርኛ ጽሑፋችንና የኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ሳይበላሽ ይዛወራል?

በጥንቃቄ ከተሠራ አዎን። ስለዚህ ጉዳይ የውጭ መመሪያዎች ምንም ስለማይናገሩ እዚህ ላይ በዝርዝር እንቆያለን።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የመለያ ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙ ቢሮዎች የጻፉት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተጻፈ የደንበኛ ስም ፎንቱ በሌለበት አዲስ ሰርቨር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምችት ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ጽሑፉ ዩኒኮድ ቢሆንም እንኳ በአዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ዐምድ ዩኒኮድ የማይቀበል ከሆነ ፊደሎቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ጽሑፉን ከጥያቄ ምልክቱ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ሌላም አለ፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በብዛት በሚከማችበት አጻጻፍ) ሦስት ባይት ይይዛል፤ አንድ የላቲን ፊደል ግን አንድ ባይት ብቻ። ርዝመቱ በባይት በሚለካ ዐምድ ውስጥ 30 የላቲን ፊደል የሚይዘው ቦታ 10 የግዕዝ ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ረጅም የአባት ስም መሐል ላይ ይቆረጣል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የክላውድ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በዩቲሲ (ዓለም አቀፍ መነሻ) ሰዓት ተሞልተው ነው፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ይቀድማል። ሰዓቱ ሳይስተካከል ቢቀር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ሁሉ የትናንት ቀን ይያዝበታል። ማታ ሒሳብ የሚዘጋ ሆቴል ይህን ወዲያው ያየዋል፤ በወሩ የመጨረሻ ሌሊት ሲሆን ደግሞ ገቢው ወደ ሌላ ወር ይሄዳል። የአዲሱ ሰርቨር የቀን አጻጻፍ ወርን ከቀን የሚያስቀድም ከሆነም 05/04 የተባለው ቀን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክለኛ ወርና ቀን ሊሆኑ ስለሚችሉ ኮምፒውተሩ ስሕተቱን አይናገርም።

ሶፍትዌሩ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጥ ከሆነ ከዝውውሩ በኋላ በሚታወቁ ቀኖች ይፈትሹት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2023 ጋር፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ከመስከረም 12 ቀን 2023 ጋር መግጠም አለባቸው። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት የሚሳሳት ሶፍትዌር ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና መስሎ ይቆያል።

መረጃችንን ለመላክ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

500 ጊጋባይት መረጃ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ያለ ምንም መቋረጥ 111 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። በተግባር እጥፉን ይያዙ። ለዚህ ነው ዋናውን ክምችት አስቀድሞ ቀስ በቀስ ልኮ፣ በዝውውሩ ሌሊት ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ መላክ የሚመረጠው። መስመሩን ሲለኩ የማውረጃውን ሳይሆን የመላኪያውን ፍጥነት ይለኩ።

ዝውውሩን በየትኛው ወር ብናደርገው ይሻላል?

ቡና የሚሠራ ድርጅት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማና የግዢ ወቅት ምንም ነገር መንካት የለበትም። ሰኔና ሐምሌ የበጀት ዓመት መዝጊያና መክፈቻ፣ የሒሳብ መርማሪና የግብር ጊዜ ናቸው። የምንመክረው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሆን እሑድ ለመፈተሽ ይተርፋል፤ ፈተናው ካልተሳካ ወደ አሮጌው የሚመለሱበት ሰዓትም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን።

ክላውድ ላይ ያለ መረጃ ባክአፕ ያስፈልገዋል?

በእርግጥ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ በሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል። አቅራቢው ሕንፃውንና መሣሪያውን ይጠብቃል፤ መረጃውን፣ የይለፍ ቃሉንና የተጠቃሚ ፈቃዱን መጠበቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ ይኑርዎት። በየሦስት ወሩም ባክአፑን በባዶ ሰርቨር ላይ መልሰው ይክፈቱት፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

አካውንቱ በማን ስም ይከፈት?

በድርጅቱ ስም፣ በድርጅቱ ኢሜይልና በድርጅቱ የክፍያ ካርድ። ባለሙያው በግል ኢሜይሉ ከፍቶት በኋላ ሥራ ሲለቅ ድርጅቱ የገዛ መዝገቡን ለመክፈት ልመና ውስጥ ሲገባ አይተናል፤ ባለሙያው ክፉ ሰው ስለ ነበረ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ላይ ማንም ስላላሰበበት ነው። የዋናው አካውንት የይለፍ ቃል ታሽጎ በካዝና ይቀመጥ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቅ፤ ለዕለት ሥራ ሌላ፣ ፈቃዱ የተወሰነ አካውንት ይከፈት።

የአይቲ ባለሙያችን ሥራውን ያጣል?

አያጣም፤ ሥራው ይለወጣል። ዲስክ ከመቀየር ወደ ወጪ መቆጣጠር፣ ፈቃድ መስጠትና ባክአፕ መፈተሽ ይሸጋገራል። የሥልጠናው በጀት ከዝውውሩ በጀት ጋር አብሮ ይያዝ።

አሮጌውን ሰርቨር መቼ እናጥፋ?

ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያና አንድ የደመወዝ ክፍያ በአዲሱ ላይ ያለ ችግር ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ማንም አዲስ ነገር እንዳይመዘግብበት ለንባብ ብቻ ክፍት አድርገው ያቆዩት፤ በሁለት ቦታ መመዝገብ ከተጀመረ የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። ሰርቨሩ ከመሸጡ ወይም ለትምህርት ቤት ከመሰጠቱ በፊት ዲስኮቹ በደምሳሽ ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ ይጽዱ፣ ካልሆነም ወጥተው ይሰበሩ፤ ፋይሎችን መሰረዝ ወይም ፎርማት ማድረግ ብቻ በቂ አይደለም። ይህን የፈጸመው ሰው ቀኑንና የዲስኩን መለያ ቁጥር ጽፎ ይፈርም፤ ሰነዱም ከንብረት መዝገቡ ጋር ይቀመጥ።